የሱኒፍሪድ ቀበቶ

ሬሳው ከወይን መጭመቂያው ገንዳ አጠገብ በጀርባው ተጋድሟል።

ጸጉሩና ጺሙ በወይን ጭማቂ ርሰው ቀልተዋል። ዓይኖቹ ተከድነዋል። ቀበቶው ተፈትቶ፣ ሦስት ጊዜ ታጥፎ፣ ዘለበቱ ወደ ታች ተደርጎ ደረቱ ላይ ተቀምጧል። ዝንቡ ከየት እንደተሰበሰበ እንጃ፣ አንድ መንደር ያክላል።

ጉዲላ ተንበርክኮ የሟቹን ራስ ቀና አደረገ። ማጅራቱ ጠቁሯል። አንድ ሰው ከኋላ ይዞ ገንዳው ውስጥ ደፍቆታል። እስኪያልቅ ድረስም አልለቀቀም።

«አባባ ሱኒፍሪድ» አለ ጉዲላ፣ ለራሱ ያህል።

ናርቦን ከተማ ውስጥ፣ ከኛ ከጎቶች ወገን፣ ሱኒፍሪድን የማያውቅ የለም። የኛ ሰው ሲዳርም ሲቀበርም የሚዘፍኑት እሳቸው ነበሩ። ከቀዝቃዛው አገር ተነስተን ትልቁን ወንዝ እስክንሻገር ያለውን ረጅሙን ዘፈን አሟልቶ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልቀረም። ሌሎቹ ዘፋኞች ፍራንኮች ንጉሣችንን ገድለው ዋና ከተማችንን ቱሉዝን በነጠቁን ጊዜ አልቀዋል። እኔም ጥቂት ስንኝ እሞክራለሁ፤ የኔ ነገር ግን መንገድ ላይ ይቀራል።

ጉዲላ የንጉሥ ዳኛ ነው። ሰው የማሰርም የመፍታትም ሥልጣን አለው። ያን ቀን ጠዋት ግን ቀድመነው አስረን ነበር። ለማሰርማ ማን ብሎን። ሮማዊው ኡርሲኖስ ከበለስ ዛፉ ጋር ተጠፍሮ፣ አፍንጫው እየደማ ቆሟል።

ገንዳው የኡርሲኖስ ነው። ከቱሉዝ ሸሽተን እዚህ ስንሰፍር የወይን ቦታው ተቆርሶ የሚበልጠው እጅ ለሱኒፍሪድ ቤት ተሰጠ። ሰውዬው ይሄን አንድ ቀን እንኳ ዋጥ አድርጎት አያውቅም። በየገበያው ይሳደባል። ሽማግሌው ደግሞ በወይን ለቀማ ወራት በየማታው ወደ ገንዳው ይሄዱና አዲሱን ጭማቂ በእፍኛቸው ይጠጡበታል። ሲሰዳደቡ ይመሻል። ወዳጅነት ይሁን ጠላትነት የገባው ሰው አልነበረም።

«ማን አገኛቸው?» አለ ጉዲላ።

«እኔ ጌታዬ። ወይን ልረግጥ ማልጄ ብመጣ እንዲህ ሆነው።»

«ባለፈው ገበያ ምን ብለሃቸው ነበር?»

ኡርሲኖስ ደሙን ላሰ። «አንድ ቀን እዚሁ ገንዳ ውስጥ እደፍቅሃለሁ ብያለሁ። አልክድም። ቄሱንም ብያለሁ። ሚስቴንማ በየቀኑ ነው የምደፍቃት፣ ያችውና ቆማለች።»

«ዝም በል ኡርሲኖስ» አለች ሚስቱ ማተርና። «ለአንዴ እንኳ ዝም በል።»

የከተማው አዛዥ በፈረስ መጣ። ከፈረሱም አልወረደ። «እሁድ ይሰቀላል» አለ። «ከራቬና የመጣው እንግዳ ድግስ ላይ ከመቀመጡ በፊት ነገሩ ይቋጭ።»

«ገና አልጠየቅኩም» አለ ጉዲላ።

«ጠይቅ። እስከ እሁድ ጠይቅ። እሁድ ግን ይሰቀላል።» ፈረሱን መልሶ ሄደ።

ማተርና የጉዲላን እጅጌ ያዘች። «ጌታዬ፣ የሱ ነገር አፍ ብቻ ነው። እቤታችን ዶሮ እንኳ የማርደው እኔ ነኝ። ምን ላድርግ? ከማን እግር ልውደቅ?»

«ከማንም አትውደቂ። ቤትሽ ግቢ።»

አልገባችም። ከበለስ ዛፉ ሥር ሄዳ ተቀመጠች።

የሟቹ ልጅ ሜሪላ መጭመቂያው ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች የለም፤ ፍራንኮቹ ጋ ነው የቀረው። ከኡርሲኖስ ጩኸት በኋላ መጀመሪያ የደረሰው እሱ ነው። እህቱ ሂልዱዋራ ኋላ መጣች፤ የአባቷን እግር ሳመች፣ ሻሿን አውልቃ ፊታቸውን ጠረገችላቸው፣ አላለቀሰችም። ድንጋጤ ነው አልን።

ሬሳውን ወደ ቤት ወሰዱት።

*

ድግሱ ለጉንደሪት ነበር። ጉንደሪት የራቬናው ንጉሥ ጸሐፊ ነው። የኛ ንጉሥ ከሞተ ወዲህ ዙፋኑ ላይ ያለው ልጅ ነው፤ አያቱ፣ ይኸው የራቬናው ንጉሥ፣ እዚያው ተቀምጦ ስለ ልጁ ይገዛናል። የነሱም ሰዎች ጎቶች ናቸው። ዘመዶቻችን ናቸው፤ ዘመድነታቸው የሚታወሳቸው ግን ስንዴ ሲጎድላቸው ነው።

ጸሐፊው የመጣው የጎቶችን የዘር ታሪክ ሊጽፍ ነው። እኛ ራሳችንን ቬሲ ነው የምንለው። ደጎቹ ማለት ነው። ይሄን የጡት ልጅ ያውቀዋል። ስሙ ከየት እንደመጣ፣ ማን ደጎቹ እንዳለን፣ ለምን እንዳለን ግን በረጅሙ ዘፈን መጨረሻ ላይ ነው ያለው ይባላል። እሁድ ሱኒፍሪድ ሊዘፍኑት፣ እንግዳው ሊጽፈው ነበር። ቱሉዝ ሄዷል፣ ወርቁ ሄዷል፣ ንጉሡም ሄዷል፤ ስማችንን እንኳ በብራና እናስቀር ብለን ስንት ሳምንት ሙሉ አሳማ ስናደልብ ከርመናል።

ጉዲላ እንግዳውን ምሳ ላይ አገኘው።

«ትላንት ከሰዓት በኋላ ከሽማግሌው ጋር ሲሄዱ ታይተዋል» አለው።

ጉንደሪት አይብ እየቆረሰ ነበር። ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ቁጣ የማያውቅ ሰው ነው። «ልክ ነው። መንገድ ላይ አስቆመኝና አስማለኝ።»

«ምን ብለው?»

«እሁድ የምዘፍነውን አንዲት ቃል ሳታጎድል ጻፍ አለኝ። ማንም ቢቆጣ፣ ማንም ቢጮህ እንዳታጎድል አለኝ።»

«ማን ነው የሚቆጣው?»

«እኔም ጠየቅኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ።» ዳቦውን ወይን ውስጥ ነከረ። «ማታ የት ነበርክ ልትለኝ ነው። ጳጳሳችሁና አዛዡ መሃል ተቀምጬ ስለ ገብስ ዋጋ ሲያወሩ ስሰማ ነበር። በመሰላቸት እዚያው ሞቼ ነበር ማለት እችላለሁ።»

ጉዲላ ሊነሳ ሲል ጸሐፊው ቀና አለ።

«እኔ የምለው፣ ዘርፈውት ነው እንዴ?»

«ለምን አሉ?»

«ቀበቶው ተፈትቷል ሲሉ ሰማሁ። የሰው ቀበቶ የሚፈታ ሌባ ነው።»

«የለም የለም» አለ ጉዲላ። «ወጋችን ነው። ሰው ሲሞትብን ሥጋ ዘመዱ ቀበቶውን ይፈታለታል። አጥፎ ደረቱ ላይ ያኖርለታል። እዚያ ቤት ታስሮ እንዳይገባ።»

«እኛ እንደታጠቀ ነው የምንቀብረው» አለ ጉንደሪት። «እና ማን ፈታለት?»

«ልጁ ነዋ...»

ጉዲላ ቆመ። ሬሳውን ሲያይ ወጉ ደርሶታል ብሎ አልፎት ነበር። የኛ ሰው ሁሉ እንደዚያው ነው ያለፈው። ቀበቶው ታስሮ ቢያገኘው ኖሮ ይሄ ምንድን ነው ብሎ ይጮህ ነበር፤ ተፈትቶ ስላገኘው ግን ዓይኑም አላረፈበት። ይሄን ጥያቄ ለመጠየቅ የራቬና ሰው ነው ያስፈለገው። ጉዲላ በራሱ ተናደደ።

ሳይሰናበት ወጣ።

*

ኡርሲኖስ እስር ቤት ገለባ ላይ ተቀምጧል።

«ስታገኛቸው ቀበቶው የት ነበር?»

«ደረታቸው ላይ። ታጥፎ።»

«ሌላ ሰው ከመምጣቱ በፊት?»

«እኔ ብቻ ነበርኩ አልኩህ እኮ ጌታዬ። ልብሳቸውን የሚያስተካክል ሌባ አይቼ አላውቅም ብዬ ገርሞኝም ነበር። ከዚያ ጮህኩ። ባልጮህ ይሻለኝ ነበር።»

«የኛ ሰው ሲሞት እንዴት እንደምንገንዝ አይተህ ታውቃለህ?»

«የት አስገብታችሁኝ? ለቅሶ ስደርስ እንኳ ከበር ላይ ነው ዳቦ ሰጥታችሁ የምትመልሱኝ።»

ጉዲላ ያኔ ገባው። ኡርሲኖስ አይደለም። የራቬና ሰውም አይደለም። ሽማግሌውን ገድሎ፣ ከገንዳው አውጥቶ፣ ዓይናቸውን ከድኖ፣ ወጋቸውን አድርሶላቸው የሄደ ሰው ነው። ሥጋ ዘመድ ነው።

ነገሩን ለአዛዡ ሲነግረው አዛዡ ጭኑን መታ። «ልጁ ነዋ። ከጉንደሪት ጋር ራቬና ሄጄ ዘበኛ እሆናለሁ ብሎ አባቱ ረግመውት አልነበር? ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ያዘው።»

«ልጠይቀው።»

«ይዘህ ጠይቀው።»

ሜሪላ አባቱ የተጋደሙበት ክፍል ደጅ ላይ ቆሞ ነበር። ከጉዲላ ጋር በአንድ ጦር ሜዳ ውለዋል፣ እጁ ሲቆረጥ ደሙን በገመድ ያሰረለት ጉዲላ ነው።

«የአባትህን ቀበቶ አንተ ነህ የፈታኸው?»

«እኔ? አይ። እኔማ ስደርስ ተፈትቷል። በድንጋጤ ማን ፈታው ብዬም አላሰብኩ።»

«እኔ ስደርስ አንተ መስለኸኝ።»

ጉዲላ ትክ ብሎ አየው።

«ጉዲላ፣ ለምን ነው እንዲህ የምታየኝ?»

«አባትህ ረግመውሃል አሉ።»

«በየሳምንቱ ይረግመኝ ነበር። በየሳምንቱም ይመርቀኛል። አባቴን ገደልክ ልትለኝ ነው የመጣኸው? አንተ?» ግራ እጁን ዘረጋ። «በል ያዘኝ። ቀሪዋን እጄን እሰራት። በምን እንደምታስራት እንጃ።»

ጉዲላ የወዳጁን ወገብ አየ። የኛ አገር ዘለበት የመዳፍ ስፋት ያለው ነሐስ ነው። ቀዳዳ የሚገባው ምላሱ ግትር ነው፤ በአንዱ እጅ ጠፍሩን ስበህ ይዘህ በሌላው ካልገፋኸው አይላቀቅም። የሽማግሌው ጠፍር ደግሞ በጭማቂ ርሶ አብጦ ነበር። ሰውን በአንድ እጅ መድፈቅ ይቻላል። ይሄን በአንድ እጅ መፍታት ግን አይቻልም።

«ያንተን ቀበቶ ማን ነው የሚያስርልህ?»

«እቴ ናት። በየጠዋቱ፣ እንደ ሕፃን ልጅ...»

ሜሪላ አልጨረሰም። ጉዲላ የወዳጁ ፊት ሲለወጥ አየ። አባትየው ከሞቱ ወዲህ ያላለቀሰው ሰውዬ ያኔ ግድግዳውን ተደግፎ ተንሸራተተና መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አትሂድ» አለ። «ጉዲላ፣ በእናትህ አትሂድ።»

«እሁድ ኡርሲኖስ ይሰቀላል።»

ሜሪላ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ጉዲላ ሄደ።

*

ሂልዱዋራ የሽመና ዕቃዋ ላይ ነበረች። የአባቷን መገነዣ ነው የምትሸምነው። ትከሻዋ ሰፊ፣ ክንዷ ጠንካራ ሴት ናት፤ ውኃ ከወንዝ፣ እንጨት ከዱር ተሸክማ ነው እነዚህን ሁለት ወንዶች የጦረችው።

ዞር ብላም አላየችው። «ተቀመጥ ጉዲላ። ምን ጊዜ አወቅክ?»

«አሁን። ሜሪላ ቀበቶውን ማን እንደሚያስርለት ሲነግረኝ።»

«እሱም አወቀ?»

«አወቀ እትዬ።»

እጇ ቆመ። «እሱ ባያውቅ እወድ ነበር።»

«ለምን ፈታሽላቸው? እንደነበሩ ትተሻቸው ብትሄጂ አንቺን ማን ያስብሽ ነበር?»

ያኔ ዞር አለች። የእውነት ገርሟታል። «አባቴን ታስሮ ልላከው?»



«ኡርሲኖስስ?» አለ ጉዲላ።

«ኡርሲኖስን ያን ጊዜ አላሰብኩትም። ከታሰረ በኋላ አሰብኩት። ማተርና ዛፉ ሥር ተቀምጣ አየኋት። አይቼ ዝም አልኩ።» ክሩን በጥርሷ በጠሰች። «እንደዚህ ያለች ሴት መሆኔን አላውቅም ነበር። ወይም አውቅ ነበር።»

«ምን አደረጉሽ?»

«ረጅሙን ዘፈን ታውቀዋለህ?»

«ሁላችንም ሰምተነዋል። እስከ ወንዙ ድረስ።»

«አዎ፣ ሁሉም እስከ ወንዙ ነው የሰማው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አባቴ በሰው ፊት ዘፍኖት አያውቅም። አያቴም። ከአባት ወደ ልጅ በጆሮ ነው የሚሄደው። ሜሪላ ዜማ አይዝም፤ ለእኔ ነገረኝ።»

አልዘፈነችም። እንደ ተራ ወሬ ነገረችው።

«በወንዙ ዳር ረሃብ ገባ። የሮማ ሹሞች ውሻ እየገደሉ ሥጋውን ሸጡልን። የአንድ ውሻ ዋጋ አንድ ልጃችን ነበር።»

«ይሄን ሁሉም ያውቃል።»

«የማታውቀው ይመጣል። ያኔ ደጎቹ አንባልም ነበር። የጫካ ሰዎች ነበር ስማችን። የተሸጡትም ልጆች ይዘውት የሄዱት ይሄን ስም ነው። ከዚያ ጉልበት አገኘን። ሮማውያንን መታን፣ ጠገብን፣ ከብት አረባን። ልጆቹ ደግሞ አደጉ። ከየጌታቸው ቤት እያመለጡ መምጣት ጀመሩ። የጫካ ሰዎች የት ናቸው እያሉ በየመንገዱ ይጠይቃሉ። አባቶቻቸው ዓይናቸውን ማየት አልቻሉም። ምን አደረጉ መሰለህ? ተሰብስበው መከሩና ስማቸውን ለወጡ። ልጁ ሲመጣ፣ እኛ ደጎቹ ነን፣ የጫካ ሰዎች ወዲያ ተሻግረው ሄደዋል ብለው ይመልሱታል። ዘፈኑ እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው።»

ጉዲላ ልጅ ሆኖ ሰው ሲመታው፣ እኔ እኮ ቬሲ ነኝ እያለ ነበር ራሱን የሚያጽናና።

«እውነት ነው?»

«ዘፈን ነው። ማን አይቶ። አባቴ ግን ያምነው ነበር።»

«እና እሁድ ሊዘፍኑት ነበር።»

«እስከ መጨረሻው። ሳልሞት ይውጣልኝ አለ።» ሂልዱዋራ እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች። «ጎይሳን ታስታውሳታለህ?»

ጉዲላ አስታወሳት። የሂልዱዋራ አንድ ልጅ ናት። ከቱሉዝ ስንሸሽ መንገድ ላይ በንዳድ ሞተች ተብሎ አልቅሰናል።

«አልሞተችም» አለች ሂልዱዋራ። «ኦድ ወንዝ ሞልቶ ነበር። ያለው አንድ ጀልባ ነው። ሜሪላ የተቆረጠው እጁ ሸትቶ ይቃዣል፣ አባቴ መቆም አቅቶታል፣ ከኋላችን የፍራንኮቹ ቀንድ ይሰማል። ለባለ ጀልባው ወርቅ አሳየሁት፣ አልፈልግም አለ። ጎይሳን አየት አደረገና፣ እሷን ስጪኝ፣ ሦስታችሁን ላሻግራችሁ አለኝ። እሺ ያለው አባቴ ነው። እጇን ይዤ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።»

ጉዲላ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«እጇን ስለቅ ምን አልኳት መሰለህ? የማን ነሽ ሲሉሽ የቬሲ ልጅ ነኝ በይ። በደረስሽበት ሁሉ ቬሲዎች የት ናቸው እያልሽ ጠይቂ፤ እኔን ታገኛለሽ አልኳት። ገና ሰባት ዓመቷ ነበር፤ የመንደራችንን ስም አትይዝም። ያቺን አንዲት ስም ግን ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ይዛታለች። ከነሕይወቷ ካለች ይዛታለች።»

ከውጭ የሜሪላ ለቅሶ ይሰማል።

«ወደ ገንዳው ተከትዬው ሄድኩ» አለች። «ጉልበቱን ይዤ ለመንኩት። ሕዝቡ ይሄን ከሰማ ያፍራል አልኩት። ሲያፍር ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ዘፈንህ ራሱ ይናገራል። ይሄንንም ስም ይጥለዋል። ሌላ ያወጣል። ጎይሳ ያኔ ማን ብላ ትፈልገኝ? የሷ ዋጋ አሻግሮህ በሕይወት አለህ፣ ይቺን አንዲት ስም ተውላት አልኩት።»

«ምን አሉሽ?»

«ለእሷም ብዬ ነው የምዘፍነው አለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሊጠጣ እጁን ገንዳው ውስጥ ከተተ።»



ተነስታ መጎናጸፊያዋን ለበሰች። «ውሰደኝ። ኡርሲኖስን ፍቱት። አንድ ነገር ግን አድርግልኝ፤ ጸሐፊው ስማችንን እንዳለ ይጻፈው። ቬሲ፣ ደጎቹ። ሌላ አልፈልግም።»

«አስጽፈዋለሁ እትዬ» አለ ጉዲላ።

*

ኡርሲኖስን ያን ዕለት ፈታነው። ማንም ይቅርታ አልጠየቀውም። እሱ ሊሳደብ አፉን ሲከፍት ማተርና በእጇ ከደነችውና ይዛው ሄደች።

ጉንደሪት ብራናውን እያደረቀ ነበር።

«ሰማሁ» አለ። «ክፉ ነገር ነው። ዘፈኑም አብሮት ሞተ ማለት ነው።»

«ስሙን ልነግርዎት ነው የመጣሁት። ቬሲ ብለው ይጻፉ። ደጎቹ ማለት ነው።»

ጸሐፊው ፈገግ አለ። ክፋት የለውም፣ ይሄን ልመስክርለት። «ደጎቹ? እናንተ ደጎቹ ከሆናችሁ እኛ ምንድን ነን?»

«ስማችን ነው።»

«ስማ ወንድሜ፣ የኔ ንጉሥ የሚፈልገው ቀላል ነገር ነው። አንድ ሕዝብ ነበርን፣ ሁለት ሆንን። እኛ በፀሐይ መውጫ፣ እናንተ በፀሐይ መግቢያ። የምሥራቅ ጎቶች፣ የምዕራብ ጎቶች። ሲነበብ እንዴት እንደሚያምር አታይም?»

«እኛ እኮ ራሳችንን በፀሐይ መግቢያ ጠርተን አናውቅም።»

«ትለምዱታላችሁ» አለ ጉንደሪት። «ወይ ደጎቹ ያሏችሁ ማን እንደሆነና በምን እንደሆነ ንገረኝ። ታሪኩ ካለ እጽፋለሁ። ለሽማግሌው ምያለሁ።»

ታሪኩ ጉዲላ ምላሱ ላይ ነበር። ሊናገረው ትንሽ ቀርቶት ነበር። ቢናገረው ስሙም ይጻፋል፣ ነውሩም ይጻፋል፣ ሽማግሌውም የሞቱበት ነገር ይወጣል። ሂልዱዋራ ደግሞ አባቷን በከንቱ ገደለች ማለት ነው።

«አላውቀውም» አለ።

ጸሐፊው ብዕሩን ነከረ።

*

እሁድ ጠዋት ከቅጥሩ ውጭ ወሰድናት። አባት የገደለ ሰው ምን እንደሚደረግ ሕጉ ያውቃል። ድግስ አልነበረም፤ የደለበው አሳማ የሚበላው አጥቶ በየቤቱ ይጮሃል።

ሂልዱዋራ ከሰዉ መሃል ጉዲላን ፈለገችው።

«ጻፈው?»

«ጻፈው» አለ ጉዲላ።

«እንዳለ?»

«እንዳለ እትዬ። ቬሲ፣ ደጎቹ።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ጉዲላ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ራሱን ጠልቶ አያውቅም፤ ከዚያም በኋላ ቃሉን ልመልሰው ብሎ አያውቅም።

ነገሩ ሲያበቃ ሜሪላ ብቻውን ወደ እህቱ ሬሳ ሄዶ ተንበረከከ። ሌላ ሥጋ ዘመድ አልነበራትም። በግራ እጁ ዘለበቷን ያዘ። ሳበ፣ ገፋ። አልላቀቅ አለው። እንደገና ሞከረ፣ በጥርሱ ሞከረ። ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረ። ጉዲላ ሄዶ አጠገቡ ተንበረከከና ጠፍሩን ስቦ ያዘለት። ሥጋ ዘመድ አይደለም፤ ግን ማንም ክፉ አልተናገረውም። ሜሪላ ምላሱን ገፋው። ተላቀቀ። አጥፈው ደረቷ ላይ አኖሩላት።

ይሄ ከሆነ ዘመን አልፏል። ጸሐፊው ልክ ነበር፣ ለምደነዋል። ከራቬና የሚመጣው ትእዛዝ ሁሉ የምዕራብ ጎቶች ነው የሚለን፤ ልጆቻችንም ሲጣሉ እንደዚያ እያሉ ይፎካከራሉ። ቬሲ የሚለውን የምንለው የቀረነው ሽማግሌዎች ነን፣ እሱም ወይን ከቀመስን ነው።

ጉዲላ አርጅቷል፤ ይሄን ሁሉ ያጫወተኝም እሱ ነው። ሥልጣኑን ለሌላ ሰጥቷል። ግን የበር ዘበኛ በተቀየረ ቁጥር በትሩን ተደግፎ ወደ ምዕራቡ በር ይወርዳል። ባለፈው የተተካው አዲሱ ዘበኛ ገና ጺሙ ያልጠነከረ ጎበዝ ነው።

«ልጄ» አለው ጉዲላ፣ «አንዲት ሴት ትመጣ ይሆናል። ፍራንክኛ የምትናገር ትሆናለች። ቬሲዎች የት ናቸው ብላ ከጠየቀችህ የሉም ብለህ እንዳትመልሳት። ወደ ቤቴ አምጣት።»

«እሺ አባባ» አለ ዘበኛው። «ግን ማን ናቸው እነሱ?»

«እኛ ነን» አለ ጉዲላ።